ግቢው ባዶ አልነበረም

ጡረታ የወጣ ሰው ቤት ቡና ሲፈላ ይህ ምክር ሳይነሳ አይቀርም። «ይሄን የመሰለ ግቢ ባዶውን አስቀምጠህ! አጥሩን አስደግፈህ ሦስት ክፍል ሰርቪስ ብትጥልበት እኮ ሁለተኛ ጡረታ ነው።» መካሪው በቅን ልቦና ነው የሚናገረው። በጣቱ አጥሩን ተከትሎ ክፍሎቹን ይደረድራል፤ የአንዱን ኪራይ በሦስት ያባዛል፤ የወጣውን በአሥራ ሁለት ያባዛል። ቡናው በረካ ሳይደርስ ሒሳቡ ያልቃል።

በአዲስ አበባ ይህን ምክር የሚጠራጠር ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። የተማረውም ያልተማረውም፣ ባንክ የሚሠራውም ግንበኛውም አንድ ቃል ነው። እኔ ግን ምክሩ ከሥሩ፣ «ባዶ» ከምትለው ቃል ጀምሮ የተሳሳተ ነው ባይ ነኝ። ብዙ ሽማግሌዎችን የማያርፉበት እርጅና ውስጥ ሲከት አይቻለሁ። የእኛን ቤት ስላየሁ ነው እንዲህ አፌን ሞልቼ የምናገረው።

አባቴ በ2008 ጡረታ ወጣ። የመንግሥት ሠራተኛ አበል ቢበዛ ከአማካይ ደመወዙ 70 በመቶ ነው። ሙሉ ደመወዙ ወር ከወር ያላደረሰው ሰው 70 በመቶው የት ያደርሰዋል? ስለዚህ ምክሩ ሲመጣ ልቡ ተዘጋጅቶ ነበር። ኮተቤ ያለው ግቢያችን 250 ካሬ ነው። ከቤቱ ጀርባ እናቴ ጌሾና ጤና አዳም የምታበቅልበት፣ መሐሉ ላይ አንድ የኮክ ዛፍ የቆመበት ቦታ ነበር። በ2009 ኮኩ ተቆረጠ። 3 በ4 የሆኑ ሦስት የብሎኬት ክፍሎች አጥሩን ተደግፈው ቆሙ፤ አንድ የጋራ ሽንት ቤትና አንድ የጋራ ማብሰያ ተጨመረላቸው። ከእቁብና ከቁጠባ ተለቃቅሞ የወጣው ገንዘብ 240,000 ብር ነበር።

እናቴ ሁሉንም ትጽፋለች። ሽፋኑ የተገነጠለ የተማሪ ደብተር አላት፤ በግራው ገጽ የገባ፣ በቀኙ የወጣ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ግን የአባቴ እጅ ጽሑፍ ነው፦ 1,500 በ3፣ በ12፣ 54,000። ከሥሩ «በአራት ዓመት ተኩል ይመልሳል» ብሎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ይህን ደብተር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከ2010 እስከ 2014 ባሉት አምስት ዓመታት፣ ከ2012 ጀምሮ ኪራዩ 2,000 ገብቶ እንኳ፣ በግራው ገጽ የተመዘገበው 307,500 ብር ነው። በቀኙ 121,000። የተረፈው 186,500 ብር። በአራት ዓመት ተኩል ይመልሳል የተባለው 240,000 በአምስት ዓመትም አልተመለሰም። በዚያ ላይ የ2014 ብር የ2009 ብር አይደለም፤ በ2009 በዚያ ገንዘብ የተገዛውን ሲሚንቶና ብረት በ2014 ለመግዛት ከእጥፍ በላይ ይጠይቅ ነበር።

መካሪው አጥሩን እየጠቆመ ሲያባዛ የግራውን ገጽ ብቻ ነው የሚያየው። ክርክሬ ያለው በቀኙ ገጽ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚረሳው ምጣዱ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። የእኛ ቆጣሪ እንደ አብዛኛው የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ሲንግል ፌዝ ነው፤ መስመሩ የተዘረጋው ለአንድ ቤተሰብ ነው። በ2010 ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ እናቴ ጋግራ ሳትጨርስ ከተከራዮቹም አንዷ ጀመረች፣ ሌላዋም ተከተለች። ብሬከሩ ወረደ፤ አባቴ መልሶ አነሣው፤ ደግሞ ወረደ፤ ደግሞ አነሣው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነሣው ከቆጣሪው ሥር የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ቤታችን ያን ዕለት አለመቃጠሉ የፈጣሪ ሥራ ነው። ሽቦው በሙሉ ተቀየረ፤ የቀኙ ገጽ የመጀመሪያው ትልቅ ቁጥር እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ግቢያችን እንደ ሌላው ግቢ ሁሉ ሕግ አወጣ፦ ለተከራይ ምጣድ አይቻልም። አስቡት፤ ቤት አከራይተን እንጀራ መጋገር ከለከልን።

የመብራት ዋጋ ደግሞ እንደ ደረጃ ነው የሚወጣው። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል፤ ታሪፉ ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ ሲከለስ ይህ የበለጠ ተሰምቷል። የውሃውም ስሌት እንደዚያው ነው። አንድ አምፖልና አንድ ስልክ ያላት ተከራይ የራሷ ቆጣሪ ቢኖራት ዝቅተኛውን ዋጋ በከፈለች ነበር። በእኛ ቆጣሪ ላይ ግን አራት ቤተሰብ አብሮ ደረጃውን ይወጣል፤ እሷም ላይኛው ደረጃ ላይ ቆማ ትከፍላለች። ይህን ለማካፈል በየወሩ መጨረሻ እናቴ ደብተሯን ይዛ ትቀመጣለች። ማን ፍሪጅ አለው፣ ማን እንግዳ አሳደረ፣ የማን ልጅ መብራት ሳያጠፋ ተኛ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ከሰው ጋር ክፉ ቃል ሳትለዋወጥ የኖረች ሴት በአምፖል ጉዳይ አኮረፈች፣ ተኮረፈችም።

ሽንት ቤቱ ሌላው ነው። ጉድጓዱ የተቆፈረው ስድስት ለሆነ ቤተሰብ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ይቆይ ነበር። አሥራ ሦስት ሰው ሲጠቀምበት ስድስት ወር አልያዘም። መኪና መጥቶ እስኪመጥ ተራ መጠበቅ አለ፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ውሃው ከላይ እየገባ ጉድጓዱን ይሞላዋል። ስለዚህ ነገር በጨዋ አንደበት መጻፍ ይከብዳል፤ ሰርቪስ የሚሠራ ሁሉ ግን የሚኖርበት ጉዳይ ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም። ነሐሴ ላይ በገዛ ግቢው አፍንጫውን ይዞ የሚሄድ አባወራ ጡረታ ወጥቷል አይባልም።

ዝናቡን ደግሞ ማንም አይቆጥረውም። የሦስቱ ክፍሎች ጣሪያ 36 ካሬ ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባታል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ያ ጣሪያ በዓመት 40 ሺህ ሊትር ያህል፣ በበርሜል ሲለካ ሁለት መቶ በርሜል ውሃ ይቀበላል፤ አብዛኛውንም በክረምቱ ወራት። ድሮ ይህን ሁሉ የሚጠጣው የጌሾው መሬት ነበር። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሲለብስ ውሃው የሚሄድበት አጣ። በመጀመሪያው ክረምት ከበታች ያሉት ጎረቤታችን ቤት ገባ። እኚህ ሰው ከአባቴ ጋር ሃያ ዓመት በአንድ ዕድር የኖሩ ናቸው፤ በር አንኳኩተው «ወንድሜ፣ ውሃህን ያዝልኝ» ብቻ አሉት። ቦይ ተሠራ፤ ቦዩ ወደ መንገድ ተለቀቀ፤ መንገዱ ላይ ደግሞ የሌላው ግቢ ውሃ፣ የሌላውም ግቢ ውሃ ይጠብቀዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መንገዱ ወንዝ ሆነ እያልን እንገረማለን። ከየግቢያችን ያባረርነው ውሃ ነው እኮ! ሁሉም ሰው «ባዶ» የሚለውን መሬት ሲሸፍን ያ ባዶ ሲሠራው የኖረው ሥራ ወደ አስፋልቱ ይወጣል።

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ የአንድ ጊዜ ወጪ ነው፤ ኪራዩ ከኑሮው ጋር እየጨመረ ይሄዳል» የሚል አለ። ይህ እምነት ድሮ እውነት ነበር። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ግን ነገሩን ቀይሮታል። ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው፤ ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ ብቻ ነው። አዋጁን እየተቃወምኩ አይደለም። ደላላ በሹክሹክታ «ከመጪው ወር ይጨመራል» ሲል የተከራይ ልጅ ትምህርት ቤት የሚቀየርባት ከተማ እንዲህ ያለ ሕግ ያስፈልጋታል። የምለው ሌላ ነው፤ የምትጨምረውን መጠን የምትወስነው አንተ እንደሆንክ አድርገህ አታስላ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ፓምፑ፣ ቆርቆሮው፣ ሽቦው፣ ቧንቧው አብሮ ዘለለ። የግራው ገጽ በሕግ ተይዞ የቀኙ ገጽ ልጓም የለውም። ሰርቪሱ ያለ ፈቃድ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ነገ መንገድ ሲሰፋ ካሳ አይጠየቅበትም።

ታሪኩም ቢሆን ያልተጻፈ አይደለም። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ኪራዩም ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበረ ቤቶች ለቀበሌ ሄዱ። አያቴ እንጀራ እየሸጠች ያሠራቻቸውን ሁለት ክፍሎች በአንድ ቀን ስትነጠቅ ምን እንዳለች በቤታችን ዛሬም ይነገራል። ያ ዘመን ተመልሶ ይመጣል ብዬ ለማስፈራራት አይደለም። በዚህች ከተማ የኪራይ ቤት ሒሳብ ውስጥ መንግሥት ያልገባበት ትውልድ የለም። «ማንም የማይነካው ገቢ» ብሎ ለሽማግሌ መምከር ይህን መርሳት ነው።

አሁን ወደ ተከራዩ ልምጣ፤ ምክሩ ሲሰጥ ስሙ የማይነሳው እሱ ነውና። አጥር የተደገፈ ክፍል ጀርባው አጥር፣ ግራና ቀኙ ሌላ ክፍል ነው። በሩና አንዷ መስኮት በአንድ በኩል ናቸው፤ አየር በዚያው ገብቶ በዚያው ይወጣል። የመካከለኛው ክፍል ጀርባ ግድግዳ በየክረምቱ እስከ ጉልበት ድረስ ይረጥባል፤ ብንቀባው ቀለሙ ይነሳል፤ ብናስለስነው ልስኑ ይወርዳል። እዚያ የምትኖር አንዲት እናት የልጇን አልጋ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ወደ በሩ ታስጠጋው ነበር። ልጅቷ ስትስል ሌሊት እሰማት ነበር። በብርድ ጊዜ ከሰል ወደ ውስጥ የሚያስገባም አለ፤ መስኮቷ ተዘግታ ከሰል የተቀጣጠለበት ክፍል ውስጥ ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ለቅሶ ደርሰናል። እና እኛ በዚህ ላይ ሕግ እንደረድራለን፦ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም፣ እንግዳ አያድርም፣ ልብስ ከቅዳሜ ውጪ አይታጠብም። ክፉ ሰዎች ሆነን አይደለም። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ግቢ አራት ቤተሰብ ሲገባበት ያለ እንዲህ ያለ ሕግ አያድርም፤ ሕጉ ደግሞ አዋቂን ሰው ልጅ ያደርገዋል።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው የት ይግባ?» የሚለው ጥያቄ ከሚቀርብልኝ ሁሉ ከባዱ ነው። በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ የጠበቀ፣ በ2005 ተመዝግቦ እስከ ዛሬ የሚቆጥብ ሰው በየሠፈሩ አለ። ያ ሰው እስከዚያ ድረስ የሚኖረው በሰርቪስ ነው። የከተማዋ ጀማሪ አስተማሪ፣ ነርስ፣ የሱቅ ሠራተኛ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው ተማሪ በሰርቪስ ነው ያለው። ይህን አልክድም፤ አከራይነትን ኃጢአት ነው የምልም አይደለሁም። ነገር ግን የሰው መቸገር የእርጥብ ክፍል ማጽደቂያ ሊሆን አይገባም። ብዙ ሰው በትንሽ መሬት ማኖር ከፈለግን መንገዱ ወደ ላይ ነው፤ አቅም ያለው ጂ ፕላስ ዋን ይሥራ፣ ለላይኛው ደረጃና መግቢያ ለብቻው ያውጣለት፣ ቆጣሪና ሽንት ቤት ለብቻው ያስገባለት። አቅም የሌለው ከዋናው ቤት የልጆቹን ክፍል፣ ልጆቹ ሲወጡ፣ በር ከውጭ ከፍቶ ያከራይ። እነዚህ ሁለቱም መሬቱን አይነኩትም። መሬቱን በአንድ ፎቅ ክፍሎች መሸፈን ግን ብዙ ሰው የማያስገባ፣ ለገባውም የማይመች፣ ለባለቤቱም የማያተርፍ መንገድ ነው። አንዱንም አያሟላም።

ግቢው ሲሠራው የኖረውን ሥራ የተረዳሁት በነሐሴ 2014 ነው። አባቴ አረፈ። ዕድሩ ድንኳኑን፣ አግዳሚዎቹን፣ ድስቶቹን ይዞ መጣ። የታላቅ እህቴ ሠርግ በ1999 የተደገሰው እዚያው ከኮኩ ሥር ነበር፤ ሁለት መቶ ሰው በልቶ ጠጥቶ ወጥቷል። አሁን የዕድሩ ሰዎች ገብተው ግቢውን አዩ፤ ድንኳኑን እንደያዙ ቆሙ። በሰርቪሱና በቤቱ መካከል የቀረው ሁለት ሜትር የማይሞላ መተላለፊያ ነው፤ በሱም ላይ የሦስት ቤተሰብ ልብስ ተሰጥቷል። አንድም ቃል ሳይናገሩ ድንኳኑን ይዘው ወጥተው መንገድ ላይ ተከሉት። ሦስቱንም ቀን ዘነበ። ከላይ ከየግቢው የወረደው ውሃ በድንኳኑ ሥር አለፈ፤ ሐዘንተኛው እግሩን አግዳሚው ላይ ሰብስቦ ተቀመጠ። መኪና በመጣ ቁጥር የድንኳኑ ገመድ ይፈታል። እናቴ ከቤት ወጥታ ባሏን የምትሸኝበት ቦታ አስፋልት ዳር ሆነ። ተከራዮቻችን ያን ሰሞን እንደ ልጅ ሆነው ነው ያገለገሉን፤ ውሃ ቀድተዋል፣ ሌሊት ከእኛ ጋር አድረዋል። ቅሬታዬ በእነሱ ላይ ቅንጣት የለም። የእኛው ሒሳብ ነው ያስወጣን።

ያን ድንኳን የሚያህል ቦታ በየትኛው ገጽ ይመዘገባል? ጌሾው ለጠላ፣ ጤና አዳሙ ለቡናው፣ ልጅ የሚሯሯጥበት፣ ሽማግሌ ጠዋት ፀሐይ የሚሞቅበት፣ በርበሬ የሚሰጣበት ቦታ ሁሉ ግምት የሌለው ተደርጎ ነው «ባዶ» የተባለው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ለእኛ ነው። ፀሐዩን የከለለብን ሰርቪስ ስለሆነ አባቴ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ጠዋት ጠዋት ወንበሩን ይዞ ከበር ውጪ፣ ከመንገዱ ዳር ይቀመጥ ነበር። አላፊ አግዳሚው ሰላም ይለዋል፤ እሱም ከግቢው ወጥቶ የተቀመጠበትን ምክንያት ለማንም አልተናገረም።

ባለፈው ዓመት ከእናቴና ከእህቶቼ ጋር ተቀምጠን ወሰንን። የመካከለኛውንና የዳሩን ክፍል ለያይቶ የነበረውን ግድግዳ አፍርሰን አንድ ቤት አደረግናቸው፤ የራሱን ሽንት ቤትና የራሱን ቆጣሪ አስገባንለት፤ በዳሩ ግድግዳ ላይ ሌላ መስኮት ወጣለት። አልጋ ወደ በር ታስጠጋ የነበረችው እናት ከነልጇ ገባችበት። ከሁለቱ ክፍሎች ይመጣ ከነበረው ኪራይ ያነሰ ነው የምትከፍለው። ግን ከዚያ ወዲህ በአምፖል የተነጋገረ የለም፤ ምጣዷንም ገዝታለች።

ሦስተኛው ክፍል ይፈርሳል። ከከተማው አንድ ክፍል ቀነሳችሁ የሚለን ሰው እውነት አለው፤ ወቀሳውን እንቀበላለን። ክፍሉ ውስጥ ያለው ወጣት የሁለት ዓመት ውል አለው፤ ሊያልቅ 11 ወር ይቀረዋል፤ ከአሁኑ ነግረነዋል፤ ከዚያ በፊት ውጣ የሚለው የለም። ኮኩ የነበረው እዚያ ክፍል ወለል ሥር ነው። እናቴ ባለፈው እሑድ ከቤቱ ጥግ ጀምራ እስከ አጥሩ በእርምጃ ለካችው፤ ከዚያ ደብተሯን አውጥታ ቁጥሩን ጻፈች፤ በግራው ገጽ።